ደካማውን ቀድሞ የሄደው የክርስትና አባት

በደጋ አገር ችኩል ሰው ባዩ ቁጥር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ምሳሌ አለች። ብዙው ሰው ይተርታታል እንጂ ከየት እንደ መጣች አይጠይቅም። እኔ ጠይቄ የሰማሁት ይህን ነው።

ሁለት ቤተ ዘመዶች፣ አንዱ ከቆላ አንዱ ከደጋ፣ በደም ይፈላለጉ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። እርቁ እንዲጸናም የደጋው ሰው ሞላልኝ የወለደውን ወንድ ልጅ የቆላው ቢያድግልኝ ክርስትና እንዲያነሣው ተማማሉ። በአርባኛው ቀን ቢያድግልኝ ካልተገኘ ንቀት ነው፤ ንቀት ከሆነ ደግሞ ጠመንጃ ከግድግዳ ወረደ ማለት ነው።

ቀኑ ሁዳዴ ላይ ዋለ። ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ልጁ ከዚያ በፊት ይጠመቃል። ቢያድግልኝ ልጁ የሚጠመቅበት ቤተ ክርስቲያን ካለበት ተራራ ግርጌ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ወደዚያው ከሚወጡ ምእመናን ጋር ተነሣ።

በዚያ አገር ዳገት ሲወጣ ፊት የሚመራው ከሁሉ ደካማው ነው። የዚያን ቀን የመሩት እማሆይ ወለተ ሐና ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጥቂት ሄደው ቆም፣ ጥቂት ሄደው ቆም። ቢያድግልኝ ከኋላቸው እንደ ታሰረ ወይፈን ይቁነጠነጣል። ፀሐይዋን ያያል፣ የሰው ተረከዝ ይረግጣል።

«እማሆይ፣ በዚህ አካሄድ እኮ ልጁ አድጎ ሚስት ያገባል!»

«ታዲያ ለሠርጉ እንደርሳለና፣ ልጄ።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ አንገበገበው።

«እኔ የተከዜን ገደል በአንድ ትንፋሽ የምወጣ ሰው ነኝ!»

«እሱ ቆላ ነው፤ እዚህ አየሩም ጾመኛ ነው» አለው አንዱ ከኋላ።

አልሰማም። ጋቢውን አሸርጦ ቀደማቸው፤ ወዲያው ከዐይናቸው ተሰወረ።

ዛፉ አልቆ የውርጭ ተክሉ ጅብራ ብቻ የቆመበት ሜዳ ላይ ሲደርስ ጆሮው ጮኸበት። ከዚያ ራሱን ፈለጠው። አፉን ከፍቶ አየር ይስባል፣ የሚገባ ነገር የለም። ቢቀመጥ ጊዜው ይሄድበታል። ተነሣ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ። በባዶ ሆዱ ሐሞት አስታወከ። ከላይ ደወል ሲሰማ «ጌታዬ፣ ደም ላደርቅ መጥቼ ደም ላፈስ ነው?» እያለ በእጁ ዳኸ።

እነ እማሆይ እንዲህ ሆኖ ደረሱበት። አልገሠጹትም። መቋሚያቸውን አስያዙትና፣

«ተነሥ፣ ፊት ምራ» አሉት።

«እናንተ ሂዱ እማሆይ... መምጣቴን ብቻ ንገሩልኝ።»

«ክርስትና በመልእክተኛ አይነሣም። አሁን ደካማው አንተ ነህ፤ ምራ።»

መራ። ጥቂት ሄዶ ቆመ፣ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ልቡ ከእግሩ ፊት ይሮጣል እንጂ ከኋላው ማንም አልቀደመውም፣ ፍጠንም ያለው የለም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርሱ ቄሱ ውሃውን ባርከው ጨርሰዋል። ሞላልኝ ፊቱን አጥቁሮ፣ ልጁን የሚያነሣ ሌላ ሰው አቁሟል።

«ዘገያችሁ ወይስ ናቃችሁን?» አለ።

ቢያድግልኝ ወደ ልጁ እጁን ዘረጋ። ሞላልኝ ዐመድ የመሰለ ፊቱንና በድንጋይ የተላጠ መዳፉን አየ። ያቆመውንም ሰው «ዞር በል» አለው። ሕፃኑ ከውሃው ወጥቶ ሲጮኽ፣ ቢያድግልኝ ሁለት ሰው ደግፎት ተቀበለው።

ከቅዳሴ በኋላ ሞላልኝ ወደ እማሆይ ጠጋ ብሎ «እንዲህ ያለ ጎልማሳ፣ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሆነው?» ሲል ጠየቀ።

እማሆይም ያንን ደክሞት ግንብ ተደግፎ የተቀመጠ፣ ልጁን ግን አልለቅም ያለ ሰው እያዩ፣ «ምን ያገኘዋል ልጄ፤ ዳገት በጉልበት ይጀመራል፣ በትንፋሽ ይፈጸማል» አሉ።