ስንጥቁ የማን ነው?

እሑድ እሑድ መቀሱን አስቀምጦ ሕንጻ በካሜራ ሲያነሳ የሚውል አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የሱቁ አከራይ አቶ ጌጤነህ ይህን ሰሙና አዲሱን ሆቴላቸውን እንዲያነሳላቸው ጠየቁት። እምቢ የሚባሉ ሰው አልነበሩምና በነጻ አነሳላቸው።

እሳቸውም ፎቶውን የበር ቁመት አሳክለው አሳጠቡና በምረቃው ቀን እንግዶች ፊት ገለጡት። ትንሿ ፎቶ ላይ ፀጉር ትመስል የነበረችው መስመር ከጣሪያ እስከ መሠረት የወረደ ስንጥቅ ሆና ቁጭ አለች። ግድግዳው ራሱ ደግሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» በተጻፈበት ትልቅ ጨርቅ ተሸፍኗል።

እንግዶቹ መንሾካሾክ ሲጀምሩ አቶ ጌጤነህ የልብስ ሰፊውን ክንድ ጨበጥ አድርገው፣ «ስንጥቁ ያለው የካሜራህ መስታወት ላይ ነው አይደል? እስቲ ንገራቸው» አሉት።

እውነቱን ቢናገር ሱቁን፣ ቢዋሽ የካሜራውን ስም ሊያጣ ነው። ካሜራውን በእጅጌው ወልወል አደረገና፣

«ጌታዬ ካሉ ይሁን፤ የተሰነጠቀው የኔ መስታወት ነው» አለ። «ስላሳፈርኩዎ ልካስዎ፤ አሁኑኑ በስልክ ሌላ ላንሳዎት፣ እሱንም በነጻ። እርስዎ ብቻ እዚያ ጨርቁ ሥር ግድግዳውን ጠበቅ አድርገው ደገፍ ይበሉልኝ።»

አቶ ጌጤነህ ፎቶ መነሳት እንደማይወዱ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው።