በደረቅ ምንጭ ላይ የተሰቀለች ጣሳ

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ላይ ሰፈር በሚባለው መንደር፣ ከአባቱ የወረሰው ዳቦ ቤት ነበረው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ምንጭ ነበረ። ነበረ ነው የምላችሁ። አሁን የለም።

ልጅ ሳለ በደረቱ ተኝቶ ከዚያ ምንጭ ይጠጣ ነበር። ቅዝቃዜው ጥርስ ይቆረጥማል። አባቱ ሊጡን የሚያቦካው በዚያ ውሃ ነበር። አላፊ አግዳሚውም እንዲጠጣ ብሎ ከምንጩ በላይ ምስማር መትቶ አንዲት ጣሳ ሰቅሎ ነበር።

ታዲያ ምንጩን ምን ነካው? ምድጃው ነዋ! የዳቦ ቤቱ ምድጃ እንጨት ይበላል፤ እንጨቱ የሚመጣው ከተራራው ነው። ዛፉ አለቀ፤ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ወረደ፤ ውሃውም አንድ በጋ ሄዶ በዚያው ቀረ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰው ሁሉ የፈለገው ትኩስ ዳቦ ብቻ ነው።

ጣሳዋ ግን ከምስማሯ አልወረደችም። ልጁ አድጎ ዳቦ ቤቱን ሲረከብ እሷንም ተረከበ። በየጠዋቱ ደረቁን ጉድጓድ ይጠርጋል፤ ጣሳዋን በሽርጡ ይወለውላል፤ መልሶ ይሰቅላታል። ልክ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው።

አንድ ቀን ቆርጦ ተነሣ። ምድጃውን በኤሌክትሪክ ለወጠ። ከዛሬ ጀምሮ የቅዳሜ ትርፍ የተራራው ነው አለ። በትርፉ ችግኝ ይገዛል። ሥራ ላጡት የሰፈሩ ጎረምሶች እየከፈለ እርከን ያሠራል፤ ለምሳቸው ዳቦ ተሸክሞ ራሱ ይወጣል። ወይራ አስተከለ፤ ጽድ አስተከለ፤ ኮሶ አስተከለ።

ሰው ዝም ይላል? አይልም።

“ጋሼ፣ ዳቦው ያነሰው ተራራው እየገመጠው ነው እንዴ?” ይሉታል ደንበኞቹ።

“ቅዳሜ ውጡና አብራችሁት ግመጡ!” ይላቸዋል።

ባለቤቱ ደብሪቱ ግን ቀልድ አልነበራትም። “የራሳችን ጣራ ያፈሳል፤ አንተ ለተራራ ካባ ታሰፋለህ” አለችው።

“ደብርዬ፣ ውሃው ይመለስ እንጂ ጣራውማ ይታደሳል።”

“ካልተመለሰስ?”

ሰውየው ጣሳዋን አንሥቶ መወልወል ጀመረ። ወገኖቼ፣ እናንተስ መልስ አላችሁ? ያንን ማንም ሳያያችሁ የምትናፍቁትን ነገር፣ “ካልመጣስ?” ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?

ዓመታት አለፉ። ችግኞቹ ለሰው ጥላ ሆኑ። ወፎች ተመለሱ። የሰውየው ጸጉር ሸበተ። ጉድጓዱ ግን ያው ደረቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ያደርጋል። አንዳንዴ ከሥር ውሃ ሲንፎለፎል የሰማ ይመስለዋል። ደስ ይለዋል። ለካ ጆሮው ውስጥ የሚመታው የገዛ ደሙ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው፣ “ታች ሰፈር ምንጭ ፈለቀ እኮ!” አለ።

ታች ሰፈር! ቁልቁል ርቆ ያለው፣ እሱን ማንም የማያውቅበት ሰፈር። ሰውየው ለደብሪቱ እንኳ ሳይናገር ጣሳዋን ከምስማሯ አውርዶ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ወረደ።

ሲደርስ ሴቶች ጀሪካን ደርድረዋል። ወደ ውሃው ጠጋ ሲል አንዷ ጮኸችበት።

“አባቴ፣ ሰልፍ አለ! ከየት ነዎት እርስዎ?”

“ከላይ ሰፈር።”

“እናንተማ ቧንቧ አላችሁ! አሁን ደግሞ በእኛ ውሃ ልትመጡብን?”

ሴቶቹ ሳቁ።

“ለመቅመስ ያህል ነው፣ ልጄ። መቼ ነው የፈለቀው?”

“ክረምቱ እንደወጣ። እዚያ ተራራው ላይ ዛፍ የሚተክል አንድ ቂል ሰውዬ አለ አሉ። ከዚያ የሰረገ ውሃ ነው ይላሉ። እግዜር ይስጠው፤ ቂልነቱንም አያጥፋበት!”

“አሜን!” አሉ ሌሎቹ።

“ቂሉ እኔ ነኝ” ማለት ይችል ነበር እኮ! ሰልፉ ይከፈትለት ነበር። እጁን ይስሙት ነበር። እኛ ብንሆን አንናገርም? ያን ሁሉ ዘመን በጓሮው ሲጠብቅ፣ ውሃው በሰው ደጅ ወጣ። ይህ አይቆጭም?

ለመናገር አፉን ከፈተ። ያኔ አንዲት ትንሽ ልጅ አየ። በመዳፏ ልትጠጣ ትሞክራለች፤ ውሃው በጣቶቿ መሃል እየሾለከ ያመልጣታል። ሰውየው አፉን መልሶ ገጠመ። ጣሳዋን ሞልቶ ሰጣት። ያስተረፈችለትን እሱ ጠጣ።

ጥርሱን ቆረጠመው። ያው ውሃ ነው! ያ የልጅነቱ ውሃ!

ጣሳዋን አለቅልቆ ከምንጩ አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ተነሣ።

“አባቴ፣ ጣሳዎን ረሱ!” አለችው ሴትዮዋ።

“አልረሳሁም” አለና ዳገቱን ተያያዘው።

ደብሪቱ ባዶውን ምስማር አይታ ስትጠብቀው ነበር። “ጣሳህ የታለች? ተሰረቀች እንዴ?”

“የለም። ውሃው ያለበት ቦታ ናት።”

ደብሪቱ ትኩር ብላ አየችው። በቀጣዩ ቅዳሜ ዳቦውን ተሸክማ ተራራው ላይ የወጣችው እሷ ናት።

ሰውየውስ? በማግስቱም ተነሥቶ ደረቁን ጉድጓድ ጠረገ። ናፍቆቱ አልለቀቀውም። ወገኖቼ፣ እኔ ይለቃል ብዬ አልዋሻችሁም።

እናንተ ሱቅ ያላችሁ፣ እናንተ ልብስ የምትሰፉ፣ እናንተ ጉልት የምትቸረችሩ፣ ከትርፋችሁ ለምድሩና ለጎረቤት ሰጥታችሁ ጓሯችሁ እንደ ደረቀ የቀረባችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ እግዚአብሔር የጠየቃችሁትን ከለከላችሁ? ወይስ ሰምቷችሁ በሌላ ሰው ደጅ አፈለቀው? ልትሄዱበት ያልፈለጋችሁትን ያንን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ምናልባት አሁን፣ ይህን ስናወራ፣ አንዲት ልጅ እዚያ ውሃው በጣቶቿ መሃል እየሾለከባት ይሆናል።

ጣሳችሁስ? አሁንም በደረቁ ምንጭ ምስማር ላይ ናት? አውርዷት፤ ይዛችኋትም ቁልቁል ውረዱ።