ወንዙ ጥሎት የሄደው ትምህርት ቤት

አንድ ጊዜ፣ የአራዊት ልጆች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት ይማሩ በነበረበት ዘመን፣ መምህሩ አያ ጅቦ ነበር። ድምፁ ከሁሉ ይጎላላ! ተማሪ እንዳይበላ ንጉሥ አንበሳ አስምሎታል፤ ትምህርቱን በቃል ባስጠና ቁጥር ደግሞ ቅልጥም ይሰጠዋል። ትምህርቱም አንድ ብቻ ነበር፤ «ውሃ ከዋርካው ማዶ ነው!» ይህን በዜማ ያለ ልጅ ዐዋቂ ተብሎ ይመረቃል።

ወንዙ ግን በክረምቱ ጎርፍ መንገዱን ቀይሮ ሄዷል። ከዋርካው ማዶ የቀረው አሸዋ ነው።

ይህን እመት አህዪት አየች። ውርንጭላዋ በዚያ በጋ ሊመረቅ ነው፤ በበጋ ውሃ ያላገኘ ልጅ ደግሞ በጥም ይቀራል እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም። አልቅሳ አልተቀመጠችም። ንጉሡ ፊት ቀርባ፣ «ጃንሆይ፣ ወንዙ ተለውጧል፤ ትምህርቱም ይለወጥ» አለች።

አንበሳ አማካሪውን ቀበሮን ጠራት። እሷ ደግሞ ከጅቡ ቅልጥም ትካፈላለች። «ይለወጣል እንጂ፣ ጃንሆይ! ቃሉ ይቆይ፤ ዜማውን እናድሰዋለን» አለች። የትምህርት ቤቱም በር ኖራ ተቀባ።

«አሁንስ ምን ጎደለ፣ እመት አህዪት?» አላት ጅብ እየተኩራራ።

«ውሃው ነዋ፣ አያ ጅቦ!»

የምረቃው ቀን ደረሰ። ጅብ ተማሪዎቹን ሁሉ፣ የንጉሡንም ደቦል ጨምሮ፣ ከዋርካው ማዶ ወሰዳቸው። አህያም ተከተለች። «መምህር ይቅደም!» ብሎ ጅብ ውሃ ያለ ይመስል ዘሎ በአፍ ጢሙ ተደፋ። አፉ አሸዋ ሞላ።

«ቱ! ቱ! ጮክ ብላችሁ ስላላላችሁት ነው፤ ድገሙት!»

ልጆቹ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ደገሙት። ደቦሉ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

«በቃ!» አለች አህያ። «ዝም በሉና አሽትቱ።»

«እማዬ፣ ውሃው የት ነው?» አላት ውርንጭላዋ።

«እኔም አላውቅም ልጄ። እንፈልገዋለን።»

አሸተቱ፣ ቆፈሩ። አንዱ ጉድጓድ ደረቅ ወጣ፤ ሌላውም ደረቅ። ጅብ ከት ብሎ ሳቀ። «አትስሙት፣ ቆፍሩ!» አለች አህያ፣ ኮቴዋ እየደማ። በመጨረሻ አሸዋው ረጠበ፤ ውሃ ብቅ አለ። መጀመሪያ ያጠጡት ደቦሉን ነበር።

አንበሳ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ልጁን በሕይወት ሲያይ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትምህርቱ ‹ውሃ ከዚህ ጉድጓድ ነው› ይሁን!» ብሎ ዐወጀ። ቀበሮም ዜማ ማውጣት ጀመረች።

አህያ ግን ንጉሡ ፊት ቆመች። «አይሆንም፣ ጃንሆይ። ይህም ጉድጓድ ነገ ይደርቃል። ልጆቹ መፈለግን ይማሩ።»

አንበሳ ደቦሉን አየ፤ ዐዋጁንም ሻረ። በማግስቱ ትምህርቱ ሜዳ ላይ ተጀመረ። አያ ጅቦም ከተማሪዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይቆፍር ጀመር፤ አጥንት ይወጣል ብሎ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘመን ሲለወጥ ትምህርት ቤትን የሚያድነው የበሩ ኖራና የዜማው መታደስ ሳይሆን፣ ልጆች ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙ ማስተማር መሆኑን ነው።