የሐጂ ጡሃ ጣት

ዛሬ ስሟን የሚያነሳ በሌላት በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ከመስጂዱ አጥር ሥር፣ ሐጂ ጡሃ የሚባሉ ስለት ጠጋኝ አዛውንት ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ወሬም አያበዙም። የግራ እጃቸው አመልካች ጣት ግን ከጫፍ እስከ ሥሩ ጠባሳ በጠባሳ ነበር።

ኮርቻ ሰፊው ሸምሱ ወደ እሳቸው ሲያመራ ጨው ሻጩ ሙሄ አየው።

«ወዴት ነው?»

«ሐጂ ዘንድ። የሰንጢዬ መቆለፊያ አልይዝ አለ። ቆዳ ስቆርጥ ድንገት እየታጠፈ ሁለቴ ለጥቂት ሳተኝ።»

«አንተ ሰው፣ ጣታቸውን አላየኸውም? የራሳቸውን ያላዳኑ ያንተን ሊያድኑ ነው?»

ሸምሱ ሳቀ፤ ልቡ ግን ፈራ። ሠርቶ የሚያድረው በጣቶቹ ነው። ሌላ ጠጋኝ ስለሌለ ብቻ ሄደ።

ሐጂ ጡሃ ሰንጢውን ከፈት ዘጋ አደረጉና ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ስለቱን ዘርግታ የምትይዘው የመቆለፊያው ሞላ ጥርስ ተበልታለች። በሞረድ ሳሏት፤ ምስማሩንም አጠበቁ። ሸምሱ «ስጡኝ» ሊል እጁን ሲዘረጋ፣ «ቢስሚላህ» አሉና የገዛ ጣታቸውን ስለቱ ከሚተኛበት ስንጥቅ ላይ አኖሩ። ከዚያ የስለቱን ጀርባ ድንጋይ ላይ ተጫኑት።

ቀጭ አለ። ሰንጢው ታጠፈ፤ ደም ጠብ አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

«ያ ረቢ! ቆርጦዎት ያመሰግናሉ?»

«እስቲ ጣትህን አሳየኝ።»

ሸምሱ ግራ ተጋብቶ ዘረጋላቸው።

«ደህና ነው አይደል? አልሐምዱሊላህ።»

ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሞላውን ነቀሉ። ሌላ ቀጥቅጠው፣ በእሳት አግለው፣ ጥርስ አወጡለት። ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ፈጀባቸው። ያችኑ የቆሰለች ጣት ፈተው መልሰው ስንጥቁ ላይ አኖሯትና ተጫኑ። ሰንጢው ንቅንቅ አላለም።

ሸምሱ አላስችል አለው። «ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝና፣ በእንጨት ቢሞክሩትስ?»

«ሞክሬ ነበር፣ ድሮ። በእንጨት ሲሆን ነፍሲያዬ ቶሎ ‹በቃ፣ ደህና ነው› ትላለች። በጣቴ ሲሆን አትቸኩልም።»

ሲመለስ ሙሄ ጠበቀው። «እህ፣ ጠገኑት?»

«ያንተን ቢላስ ማን ነበር የጠገነው?»

«እሳቸው ናቸው እንጂ።»

«እንግዲያው ጣቶችህን ቁጠር።»

ሙሄ ሊስቅ ከጀለና እጆቹን አየ። ዐሥሩም ነበሩ።

ሐጂ ጡሃ ስለ አማና፣ ስለ አደራ ጠባቂነት፣ ያስተማሩት ይህንን ብቻ ነው፤ እሱንም ስለተጠየቁ። እኛ ደግሞ ሥራችንን አስረክበን «ደህና ነው፣ ኢንሻአላህ» ስንል በምን ሞክረነው ነው? አላህ ያውቃል። ብዙዎቻችን እጃችን ላይ አንድም ጠባሳ የለም።