አቶ ልሳነወርቅና አሮጌው ብሬከር

አንድ ቀን፣ ያውም በጾም፣ ምስር ወጤን እሳት ላይ ጥጄ ሳለሁ ሻይ ይዘው ይምጡ ተባልኩና ስብሰባ ገባሁ። የምሠራው በከተማችን የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ ክበብ ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም አልናገርም፤ ሰውዬው ገና በሕይወት አለ። ሰውዬው የምለው የጣቢያውን ኃላፊ ልሳነወርቅን ነው። ሌላው ሠራተኛ «አቶ» ይለዋል፣ አንቱም ይለዋል። እኔ በዕድሜ ስለምበልጠው አልለውም።

ልሳነወርቅ የማያውቀው ነገር የለም። የወጤ ጨው መቼ እንደሚገባ እንኳ መጥቶ ይነግረኛል። ፊቱ ቆማ የምትከራከረው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ የተላከች ኢንጂነር፣ ማስተዋል ትባላለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሏ ግን እሾህ ነው፤ ከወጋ በኋላ ነው የሚታወቀው።

የዚያን ቀን ነገሩ ግቢያችን ስላለው አሮጌ ብሬከር ነበር። ብሬከር ማለት መስመር ሲበላሽ መብራቱን የሚቆርጠው ትልቁ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እጀታውን የሚስበው የወንድሜ ልጅ ጥላዬ ነው። በሳበው ቁጥር እሳት ይተፋበታል። ያን ሰሞንማ ቅንድቡን ሙልጭ አድርጎ ለብልቦት ፊቱ የተላጠ እንቁላል መስሎ ነበር። አሁን ደግሞ በዚያው መስመር ላይ አዲስ ፋብሪካ ሊቀጠል ነው። ብሬከሩ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ማስተዋልም ልሳነወርቅም በየኮምፒውተራቸው አስልተውታል፤ የሚፈርመው ግን ልሳነወርቅ ነው። ይቆይ ካለ እሳቱ ፊት የሚቆመው የእኔው ጥላዬ ነው። ስለዚህ ሻዩን ቀድቼ አልወጣሁም። ማንስ ያስወጣኛል?

ማስተዋል ኮምፒውተሯን ወደ ሰዉ አዞረች። «እጀታው ሲሳብ ውስጡ ያሉት ሁለት ብረቶች ይላቀቃሉ» አለች። «መብራቱ ግን ወዲያው አይቆምም። በመሃላቸው ባለው ክፍተት እሳት ሆኖ ይሻገራል። አርክ የምንለው እሱን ነው። በደንብ ካልተነፋበት አይሞትም። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ በሠራሁት የብሬከሩ አምሳያ፣ በሞዴሉ ውስጥ፣ እሳቱንም አስገብቼ ነው ያሰላሁት። ፋብሪካው ሲጨመር ይኼ አሮጌ ብሬከር ማጥፋት ያቅተዋል። አዲሱ ግን በኃይል ይነፋበትና ያጠፋዋል።»

ልሳነወርቅ ሳቀ። «ልጄ፣ ነገር አታወሳስቢ። እኔ ባጭሩ ነው ያሰላሁት። ተያያዘ፣ መብራት አለ። ተላቀቀ፣ መብራት የለም። በመሃል ምንም የለም!»

«በመሃል እሳት አለ።»

«የለም አልኩሽ! ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ምን እሳት ያስጨምራል፣ ድስት ነው እንዴ?»

«የጥላዬ ቅንድብ ታዲያ የት ሄደ?» አልኩ እኔ።

«እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ ሻዩን ይቅዱ።»

«ቀድቼ ጨርሻለሁ። ቅንድቡ የት ሄደ?»

ልሳነወርቅ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «የተላቀቀ ተላቀቀ፣ ያለቀ አለቀ! ብሬከሩ ይቆያል፣ ከሰዓት እፈርማለሁ። ስብሰባው አልቋል!» ብሎ ተነሳ፤ ባርኔጣውን ደፋ። እኛም ተነሳን።

በሩ ጋ ሲደርስ «በሉ ደህና ዋሉ» አለ። እንግዲህ በአገራችን ደህና ዋሉ ያለ ሰው አይሄድም፤ ዋናው ወሬ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። ልሳነወርቅ ደግሞ የዚህ ሥራ አለቃ ነው። ሠርግ ቤት ተሰናብቶ ሲወጣ ሙሽሮቹ እንደቆሙ ያንቀላፋሉ ይባላል።

«ደግሞ እኮ» አለ የበሩን እጀታ ይዞ፣ «ሞስኮ ስንማር እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም።» ስለ ሞስኮ ብርድ አወራ። «በሉ እንግዲህ» አለና አንድ እግሩን አወጣ፤ መልሶ አስገባው። «ለነገሩ...» ብሎ ስለ ግድግዳው ቀለም ቀጠለ። ከቀለሙ ወደ አማቱ ጨጓራ ተሻገረ። ሰዉ ወረቀቱን ታቅፎ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ ይቆማል። ከክበቡ በኩል የምስሬ ሽታ መጣ፤ ማረሩ ነው። «ኧረ ሂዱ፣ አልቋል ብያችሁ የለም!» አለና በሩን በጀርባው ተደግፎ ቀጠለ።

ማስተዋል እጇን አወጣች። «አቶ ልሳነወርቅ፣ ስብሰባው አልቋል ብለዋል አይደል?»

«አልቋል!»

«ከወንበርዎም ተላቅቀዋል።»

«ተላቅቄያለሁ!»

«ታዲያ ይኼ በር ላይ የሚንቦገቦገው ምንድን ነው? እኔም ሞዴሉ ውስጥ ያስገባሁት እሱን ነው።»

ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። የሒሳብ ሹሟ፣ ስትስቅ አይተናት የማናውቀው ሴትዮ፣ ግድግዳ ይዛ ቀረች። ልሳነወርቅ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። መልስ ቢሰጥ እሳቱ አልጠፋም ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ተረታ። እንዲህ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ የምስሩን ማረር ይቅር አልኩ። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እሺ፣ አንቺ አዋቂ» አለ። «እንዲህ ያለው እሳት በምንድን ነው የሚጠፋው?»

ማስተዋል አልፋው ሄዳ በሩን ከፈተችለት። «በነፋስ ነው ጌታዬ። እስቲ ወጣ ይበሉ።»

ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ይገዛ ብሎ ፈረመ፤ ጥላዬም ቅንድብ አበቀለ። አዲሱ ብሬከር ሲመረቅ ልሳነወርቅ በአዳራሹ ንግግር አደረገ፤ «በዚሁ አበቃለሁ» አለ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ «ለነገሩ...» ብሎ ማይኩን መልሶ ያዘ። ማስተዋል ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው።