ጥያቄ አሥራ ሰባት ላይ የቆመው ሰውዬ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ የኔ ተረት ላም የለውም። ያለው አንድ እንቁላል ነው። «እንቁላል ደግሞ እንዴት ይናገራል?» የሚል ካለ አሁኑኑ ተነስቶ ይውጣ። ወደፊት የሚናገረው ብዙ ስለሆነ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

ፈንታዬ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ በመጋቢት ስትሞት የተወችላት አንዲት ቄብ ዶሮ ብቻ ነበረች። ዶሮዋ በግንቦት ታቀፈች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሸለምጥማጥ ገባና ዶሮዋን በላ፣ እንቁላሎቹንም ሰባበረ። አንድ ተረፈ። ፈንታዬ ያንን አንድ እንቁላል በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ፊዚክስ አስተማሪዋ ሮጠች። መምህር ጥላዬ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ነበራቸው። ሳጥን ያልኩት የሳሙና ካርቶን ነው፤ ውስጡ ባለ አርባ ዋት አምፖል ተንጠልጥሏል። «አስገቢው፤ የቤተ ሙከራውን ቁልፍም ያዢ» አሏት። «ግን ሰኞ ፈተና አለ። የመለማመጃ ጥያቄዎቹን እየሠራሽ ጠብቂው፣ እሺ የኔ ልጅ?»

ጥያቄዎቹ ስለ ሥራ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ኃይል ነበሩ። መምህር ጥላዬ አልጻፏቸውም፤ ከራሳቸው አስተማሪ የወረሷቸው ናቸው። ፎቶ ኮፒው ሌላ ፎቶ ኮፒ እየወለደ ፊደሉ ሁሉ ደብዝዟል። የጥያቄ አሥራ ሰባት ሥዕል ግን ይታያል፦ መሰላል፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው። ከጆንያው የወረደ ገመድ፣ ገመዱ የተጠመጠመበት መዘውር፣ ዲናሞና አምፖልም አሉ። እነሱ ለጥያቄ ሃያ ነበሩ፤ እዚያ ድረስ የደረሰ ተማሪ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሰው ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ አሥራ ሁለት ሜትር መሰላል ወጣ። ከላይ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ቆመ። በቆመበት አንድ ሰዓት በጆንያው ላይ የሠራው ሥራ ስንት ነው?»

ፈንታዬ ጎበዝ ናት። ያልተንቀሳቀሰ ነገር ላይ ሥራ አልተሠራም። «ዜሮ» ብላ ጻፈችና ገጹን ገለበጠች። ገጹን እንደገለበጠች መብራት ሄደ።

እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ሰኔ። ግቢው ውስጥ ከሷ በቀር ሰው የለም። ጉም መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። በሃያ አንደኛው ቀኑ ላይ ያለው እንቁላል በካርቶኑ ውስጥ ቅርፊቱን ያንኳኳል።

«በረደኝ» አለ እንቁላሉ። «ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ በረደኝ። ትንሽ ሙቀት ስጪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።»

ፈንታዬ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ልብሷ ግን በመንገድ ዝናብ ርሶ ነበር። «ባሰብኝ፣ ባሰብኝ፣ መልሽኝ!» ብሎ ጮኸ። መለሰችውና ወደ አምፖሉ ዞረች። የእናቷ ዶሮ ዘር እዚህች ቅርፊት ውስጥ ነው ያለው፤ ከሞተ ሌላ የለም። ፈራች።

«አምፖል፣ አምፖል፣ እንቁላሌን አሙቅልኝ።»

«አላሞቅም» አለ አምፖሉ። «እኔ የሰጡኝን እሰጣለሁ እንጂ የራሴ የሚባል የለኝም። ሂጂ ዲናሞውን ጠይቂ።»

አምፖል እንቁላል አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም በረደኝ ይላል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«የምን ዲናሞ?» ልትል ስትል ሽቦውን አየችው። እስከ ዛሬ ከካርቶኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይሰካ ነበር። አሁን ግን በመስኮቱ ወጥቶ ወደ ጉሙ ሄዷል። በእጇ እየዳበሰች ተከተለችው። ሣሩ ላይ፣ ትናንት ኳስ ሲጫወቱበት በነበረው ቦታ፣ ዲናሞ ተቀምጧል።

«ዲናሞ፣ ዲናሞ፣ አምፖሉን አብራልኝ።»

«አላበራም። ለመሆኑ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ይሂድና ፀሐይ ይሙቅ!» ብሎ ሳቀባት። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መዘውሩ ካላዞረኝ ከየት አመጣለሁ፣ እህቴ?»

ዲናሞ አምፖል አላበራም አለ፣ አምፖል እንቁላል አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም በረደኝ ይላል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

እንግዲህ ካርቶኑ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፣ እሷ ሜዳው መሐል ናት። ኳኳታው ግን ጆሮዋ ሥር ነበር የሚሰማት። ከሱ ሌላ አንድ ድምፅ ብቻ አለ፤ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። ቀና ስትል ምንም አይታይም።

መዘውሩ ከቁመቷ ይበልጣል። በሁለት እጇ ገፋችው፣ ንቅንቅ አላለም።

«መዘውር፣ መዘውር፣ ዲናሞውን አዙርልኝ።»

«አላዞርም። ራሱን በራሱ የሚያዞር መዘውር አይተሽ ታውቂያለሽ? አይተሽ ከሆነ አሳዪኝና ጡረታ ልውጣ። ገመዱ ሳይስበኝ አልዞርም።»

መዘውር ዲናሞ አላዞርም አለ፣ ዲናሞ አምፖል አላበራም አለ፣ አምፖል እንቁላል አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም በረደኝ ይላል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

«ገመድ፣ ገመድ፣ መዘውሩን ሳብልኝ።»

«አልስብም» አለ ገመዱ። ድምፁ ቀጭን ነው። «የሚስበኝ ሲኖር ነው የምስበው። ጫፌ ያለው ከላይ ነው፤ ልብ ካለሽ ውጪና ጆንያውን ለምኚ።»

ገመድ መዘውር አልስብም አለ፣ መዘውር ዲናሞ አላዞርም አለ፣ ዲናሞ አምፖል አላበራም አለ፣ አምፖል እንቁላል አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም በረደኝ ይላል። ቋ፣ ቋ።

ከገመዱ አጠገብ መሰላል ቆሟል። በዚያ ግቢ ከባንዲራው እንጨት የሚረዝም ነገር የለም፤ መሰላሉ ግን የባንዲራውን ጫፍ አልፎ ሄዷል። ምን ላይ እንደተደገፈ አይታይም። ፈንታዬ አንጋጣ አየችው። መመለስ ፈልጋ ነበር፣ አልዋሽም። ኳኳታው ሁለት ብቻ መሆኑን ስታስብ ግን እግሯን መሰላሉ ላይ አሳረፈች። አንዱን ርብራብ ወጣች፣ ሌላውን ወጣች፣ መሬቱ ጠፋ። ትንፋሹ እየቀረበ መጣ። ከራስዋ በላይ አንድ እርጥብ ጆንያ አየች።

«ጆንያ፣ ጆንያ፣ ገመዱን ሳብልኝ።»

«አልስብም። ስድስት ሺህ ጁል ይዣለሁ፤ ወደዚህ ሲያወጡኝ የሰጡኝ ነው። አንዲት ጁል አላጎደልኩም! መልስ ካላችሁኝ እመልሳለሁ፣ ግን መውረድ አለብኝ። የተሸከመኝን ሰውዬ ጠይቂው።»

ጆንያ ገመድ አልስብም አለ፣ ገመድ መዘውር አልስብም አለ፣ መዘውር ዲናሞ አላዞርም አለ፣ ዲናሞ አምፖል አላበራም አለ፣ አምፖል እንቁላል አላሞቅም አለ፣ እንቁላሉም በረደኝ ይላል። ቋ።

ከጆንያው ሥር የጎበጠ ጀርባ አለ። ሰውዬው ፊቱን ወደ ጉሙ አዙሮ ቆሟል። ፀጉሩ ላይ ጤዛ ተኝቷል። ልብሱ ግራጫ ነው፣ እጁም ግራጫ ነው፣ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው የሚመስለው።

«ጋሼ» አለች ፈንታዬ። «ጋሼ፣ ጆንያውን ያውርዱልኝ።»

«አላወርድም።» ሳይዞር ነው የመለሰላት። «ያሸከመኝ ሰው ጥሎኝ ሄደ። ሃምሳ ኪሎ ከጀርባ ላይ ብቻውን የሚያወርድ የለም፤ ብለቀው ይዞኝ ይወድቃል። ቁም የተባልኩት አንድ ሰዓት ነበር። አንድ ሰዓቱ አላልቅ አለ።»

«ስምዎ ማን ነው?»

«አንድ ሰው።»

«እሱማ... ስምዎን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ሌላ አልሰጡኝም። ልጆች ይመጣሉ፣ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ዜሮ ብለው ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። አስተማሪሽም ልጅ እያለ መጥቷል። አንቺም ቅድም መጥተሽ ነበር።»

ፈንታዬ ፊቷ ጋለ። «ዜሮው ስህተት ነው እንዴ?»

«ልክ ነው። በመልሱ አልተቀየምኩም። የከፋኝ ከዜሮው በኋላ ባለው ነው። በናንተ መንገድ ሸክም ተሸክሞ የቆመ ሰው እንዲሁ ይታለፋል?»

አይታለፍም። በፈንታዬ አገር የቸኮለ ሰው እንኳ ሸክም ይዞ የቆመ ካየ ይቆማል። «ላውርድልህ?» ይላል፤ አውርዶ ያሳርፈዋል፣ መልሶ ያሸክመዋል፣ ከዚያ ነው መንገዱን የሚቀጥለው። ይህን ሳያደርግ ያለፈ ሰው ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። ፈንታዬ በመንገድ ላይ አንድም ቀን እንዲህ አልፋ አታውቅም። በወረቀት ላይ ግን አለፈችው። እፍረቱ ከፍርሃቱ ባሰባት።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ወረቀት ላይ ስለሆኑ ሰው አልመሰሉኝም።»

«ወረቀት ላይም ይከብዳል» አለ ሰውዬው።

ሰው ጆንያ አላወርድም አለ፣ ጆንያ ገመድ አልስብም አለ፣ ገመድ መዘውር አልስብም አለ፣ መዘውር ዲናሞ አላዞርም አለ፣ ዲናሞ አምፖል አላበራም አለ፣ አምፖል እንቁላል አላሞቅም አለ። እንቁላሉም ዝም አለ።

ፈንታዬ ጆሮዋን ብታቆም ምንም የለም። ከዚያ በኋላ አላሰበችም። አንድ ርብራብ ወጣችና ትከሻዋን ከጆንያው ሥር ሰደደች። «ላውርድልዎት ጋሼ። እኔ ከዚህ ደግፌዋለሁ፤ እርስዎ ማሰሪያውን ይፍቱ።»

ሰውዬው ትንፋሹን ያዘ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

«ላውርድልዎት።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ለሁለት ሰው እንኳ ይቀላል። ማሰሪያው ተፈታ፤ ጆንያው ከጀርባው ተንሸራቶ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ገመዱ ተወጠረ። ፈንታዬ በጭንቀቷ መሐል ሳይታወቃት አሰላች። ስድስት ሺህ ጁል ለአርባ ዋት፣ አንድ መቶ ሃምሳ ሰከንድ።

«ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው የሚያበራው!» አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ? ሩጪ እንጂ!»

ሰውዬው ጆንያውን አወረደ፣ ጆንያው ገመዱን ሳበ፣ ገመዱ መዘውሩን ሳበ፣ መዘውሩ ዲናሞውን አዞረ፣ ዲናሞው አምፖሉን አበራ፣ አምፖሉ እንቁላሉን አሞቀ። ፈንታዬም በመሰላሉ እየተንሸራተተች ወረደች፣ በሜዳው ሮጠች፣ በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወደሚታየው መስኮት ሮጠች። ካርቶኑ ጋ ስትደርስ ውጭ ጆንያው ዱብ ሲል ሰማች። አምፖሉ ቀላ፣ ጠፋ።

ጨለም ባለው ካርቶን ውስጥ እጇን ሰደደች። የእንቁላሉ ቅርፊት ለሁለት ተከፍሏል። ባዶ መሰላት። ወዲያው አንድ እርጥብ ነገር ጣቷን ነካና «ጭው» አለ።

ጫጩቷን ብብቷ ውስጥ ከተተቻት። ልብሷ አሁንም እርጥብ ነው፤ ግን አሥራ ሁለት ሜትር የወጣና የወረደ ሰው ገላው ይግላል፣ የሠራው ሥራ የትም አይጠፋም። ጫጩቷ «ሞቀኝ» አለች። በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ፣ ደግሞ ሲቆም፣ ወገቡን ሲያቀና ተሰማት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ድምፁ። ስትወጣ ሣሩ ላይ የእግር ዱካ አለ፣ ሰው የለም፣ መሰላልም የለም።

ሰኞ ጠዋት በክፍሉ በር ላይ ለጓደኞቿ ሁሉ ነገረቻቸው። ሳቁባት። የፈተናው ወረቀት ታደለ፤ መምህር ጥላዬ ስንፍና ይዟቸው ያንኑ መለማመጃ ነበር ፈተና ያደረጉት። አርባ ሦስት ተማሪ ጥያቄ አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። በአርባ ሦስቱም ወረቀት ላይ መሰላሉ ባዶ ነው፤ ጆንያው መሬት ላይ ተቀምጧል። መምህር ጥላዬ አንዱን ወረቀት አንስተው አዩ፣ ሌላውን አንስተው አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ያንን ሰውዬ በልጅነቴ አውቀዋለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ፈንታዬ «ዜሮ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «አውርደነዋል» ብላ ጨመረችና ወደ አሥራ ስምንት አለፈች። «አንዲት ሴት ግድግዳ ትገፋለች። ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም። የሠራችው ሥራ ስንት ነው?» በክፍሉ የኋላ ግድግዳ በኩል፣ ከውጭ፣ መዳፍ ሲፋተግና አንዲት ሴት ስታቃስት ይሰማል።

ፈንታዬ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች። ከኋላዋ አርባ ሁለት ሰው አብሯት ተነሳ።

እኔም ይቺን ተረት ከእንቁላሉ ጀምሬ እዚህ ድረስ ተሸክሜያታለሁ፤ በሉ አውርዱልኝ።