አሮጌውን አድራሻ ያጠፋችው ሴትዮ

«ዌብሳይቱን ለእኔ ተዉት። ለእንቁጣጣሽ እንደ ሙሽራ አስጊጬ አወጣላችኋለሁ። በዚህ ሥራ እኔን የሚያክል ካለ አሳዩኝ» አለች አንዲት ሴትዮ።

ስለ ኮምፒውተር ልትሰብክልን ነው እንዴ ብላችሁ አትተያዩ። ስሙኝ ብቻ።

ሴትዮዋ የምትሠራው ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ልጆችን በሚረዳ ማኅበር ነው። ማኅበሩ አንድ አሮጌ ዌብሳይት ነበረው። አስቀያሚ ነው፣ እውነቱን እንናገር። ቀለሙ ዓይን ያማል። ግን አንዲት ገጽ ነበረችው፤ «አሠሪዎችሽ ቆልፈውብሽ ከሆነ» የምትል፣ ከሥሯ የማኅበሩ ስልክ ያለባት። አንዲት ልጅ ጉግል ላይ «ቤት ተቆልፎብኛል» ብላ ብትጽፍ መጀመሪያ የምትመጣላት ያቺ ገጽ ናት። ለምን? ስንቱ ሰው ለዓመታት አንብቧታል፣ ስንቱ ለጓደኛው ልኳታል፣ ስንት ሌላ ዌብሳይት «እዚህ ግቡ» ብሎ ጠቁሟታል። ጉግልም የሚያውቃት በዚያ አድራሻዋ ነው።

ስልክ የምታነሣው ፀዳለ ነግራት ነበር። «እታለም፣ የድሮዎቹን ገጾች አድራሻ አንድ በአንድ ወደ አዲሶቹ ምሪያቸው። በድሮው የመጣ ሰው አዲሱ ላይ ይግባ። አለዚያ ጉግልም ይረሳናል፣ ልጆቹም ያጡናል።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ለእንቁጣጣሽ ቤት ስታጸጂ የተቀደደውን ምንጣፍ ታስቀሪያለሽ? ጥረጊው እንጂ።»

አሮጌውን ከነአድራሻው ጠረገችው። አዲሱ ወጣ። ያምር ነበር። ተጨበጨበ፣ ዳቦ ተቆረሰ።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ፋታ የማይሰጠው ስልክ ዝም አለ። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? የምስጋና ጸሎት ያዙ። «ጌታ ሰማን፣ የልጆቹ መከራ ቀለለ» አሉ። ፀዳለ ብቻ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብላ በራሷ ሞባይል ትደውልበታለች። ይጠራል።

በዚያው ሰሞን ትርንጎ የምትባል ልጅ ዐረብ አገር ተቆልፎባታል። ጓደኛዋ ድሮ የላከችላትን አድራሻ ነካችው። «ገጹ አልተገኘም» አላት። ጉግል ላይ ጻፈች። ማኅበሩ የለም። መጀመሪያ የመጣው «ከአሠሪሽ እናወጣሻለን» የሚል ደላላ ነው። ምን ታድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ደወለችለት።

ለእናቷ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለች። «እማዬ፣ ማኅበሩ ተዘግቷል መሰለኝ። ሌላ ሰው አገኘሁ፣ ጥሩ ሰው ይመስላል።» ከዚያ ወዲያ ስልኳ አልሠራም። እስካሁን አልሠራም።

እናቷ ወይዘሮ አስረበብ ሰው እየጠየቁ ማኅበሩ ድረስ መጡ። ማኅበሩ አለ። በሩ ክፍት ነው፣ ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ፀዳለ አልደበቀችም፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። አዎ፣ ከኋላ ወዳላችሁትም። አዲስ ሰፈር ገብታችኋል፣ አዲስ ስልክ ይዛችኋል፣ አዲስ ሰው ሆነናል ትላላችሁ። ደስ ይላል። በድሮው አድራሻችሁ የሚፈልጋችሁስ? አንቺ ቁጥርሽን የቀየርሽው፣ አባቷ ሲደበድባት ወደ አንቺ ትደውል የነበረችው ጓደኛሽ አዲሱን ታውቀዋለች? አንተስ፣ ሱስ ውስጥ ትተኸው የመጣኸው ጓደኛህ ለመውጣት ቢፈልግ በየት በኩል ያገኝሃል? ስላልደወሉ ደህና ናቸው ትላላችሁ? ዝም ማለታቸውን እንደ ሰላም ቆጥራችሁ ስንት ጊዜ አመሰገናችሁ?

ደግሞ ሰው በእጃችን ሲጠፋ የምንላት ነገር አለች። ሴትዮዋም አለቻት። የወይዘሮ አስረበብን እጅ ይዛ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «እናቴ፣ ምን ይደረጋል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለቻቸው።

እጃቸውን ነጠቋት።

«እሱን ተይው። አድራሻውን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ።»